የአዝመራ ምላጭ እና የደምለው ጢም

እኔ «ምላጭ፣ ምላጭ!» ስል እናንተ «ጉንጭ ይውጣ!» በሉ።

አልሰማሁም! ድገሙት! እሰይ፣ አሁን ገና ጆሮዬ ገባ። በሉ እንግዲህ ተጠጉ፣ እግራችሁን ሰብስቡ። መንገዱ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ የምነግራችሁ እየሮጥኩ ነው።

አንዲት ሙሽራ ነበረች። ስሟ ትርንጎ ነው። የወንድሜ የደምለው ልጅ ናት፤ እኔ አክስቷ ደብሬ ነኝ። ሠርጓ ለእሑድ ተቆርጧል። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ወጡ ተሠርቶ አልቋል። ዓርብ ጠዋት እጆቿን እንሶስላ ልናስር ከመካከላችን አስቀመጥናትና «ምን ጎደለሽ ሙሽራዬ?» አልናት። ምን ብትል ጥሩ ነው? ወርቅ አላለች። ጫማ አላለች።

«አንድ ጉንጭ!» አለች።

«የምን ጉንጭ ነው ደግሞ?»

«የአባቴን ጉንጭ። እሑድ ጉልበቱን ስሜ ቀና ስል ጉንጩን ልስመው እፈልጋለሁ። ጢሙን አይደለም አክስቴ፣ ጉንጩን! ጉንጩን ካላገኘሁ ከዚህች ቤት ንቅንቅ አልልም!»

እኛ ዘር ውስጥ አንዴ «ንቅንቅ አልልም» ከተባለ ተባለ ነው። ከማን እንደወረሰችው አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደምለው ሚስቱን አዝመራን ከቀበረ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ለሐዘን ጢም ማሳደግ ያገር ወግ ነው፤ አርባው ሲወጣ ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ «በቃህ» ብሎ ያስላጫል። እኛም በአርባው ተሰበሰብን። ደምለውን ቅዳሜ ቅዳሜ የምትላጨው እሷው አዝመራ ነበረች፣ በባለ ቀንድ እጀታው ታጣፊ ምላጭ። እሱንም፣ ብሩሹንም፣ የሳሙናውን ጣሳም ከሣጥኗ ልናወጣ ሣጥኑን ከፈትን። ከፈትነውና ምላጩ ቀይ አፈር መስሎ፣ በዝገት ተበልቶ ተገኘ!

ደምለው አየው። አገላበጠውና «ብረት እንኳ አዘነላት። ብረት ያዘነላትን እኔ ጉንጬን አብርቼ ልዙር?» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልሳቀም፣ አልተላጨም፣ ከቤት ከወጣም ለእርሻና ለቤተ ክርስቲያን ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሶ አንገቱን ካየንለት ቆየን።

ሰው ዝም አላለም። ጎረቤት የኤሌክትሪክ ቶንዶስ ይዞ መጣ። ደምለው «እኔ በግ ነኝ ወይ የምሸለተው?» ብሎ መለሰው። የጥንት ሚዜው ከሱቅ ያቺን ላንድ ቀን ብቻ የምትሆን፣ ተላጭተው የሚጥሏትን ላስቲክ መላጫ አመጣ። ደምለው አገላብጦ አያትና «ተላጭቶ የሚጥል ሰው ይላጭባት። እኔን ከአዝመራ ምላጭ በቀር የሚነካኝ የለም፤ እሱ ደግሞ እምቢ ብሏል» አለ።

«እምቢ ያለውን እኔ እሽ አሰኘዋለሁ!» አልኩ። ወገቤን በነጠላዬ ታጠቅሁ። ቀጥ ብዬ ሄጄ ወንድሜ ፊት ቆምኩና ከጢሙ ጋር ተነጋገርኩ።

«ጢም ሆይ፣ ከጉንጩ ውረድ!»

«አልወርድም!» አለ ጢሙ። «ዓመት ከመንፈቅ የተቀመጠ እንግዳ እንዲሁ በአፍ ይሸኛል? ምላጩ መጥቶ ይቁረጠኝ።»

ይኸው እንግዲህ! ጢሙ ከጉንጭ አይወርድ፣ ትርንጎ ከቤት አትወጣ!

ሄድኩ ወደ ምላጩ። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ከነቀንዱ ብድግ አደረግሁት።

«ምላጭ ሆይ፣ ጢሙን ቁረጥ!»

«አልቆርጥም!» አለ ምላጩ። «ስለት የሌለው ምላጭ ጢም አይቆርጥም፣ ይነጫል። ወንድምሽን እንደ ዶሮ ልነጨው ነው? መጀመሪያ ጠፍሩ ይሳለኝ።»

ጉድ ፈላ! ምላጩ ጢም አይቆርጥ፣ ጢሙ ከጉንጭ አይወርድ፣ ትርንጎ ከቤት አትወጣ!

ሄድኩ ወደ ጠፍሩ። አዝመራ ምላጩን ወዲያና ወዲህ እያደረገች የምትስልበት የቆዳ ጠፍር ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አወረድኩት፤ እንደ ቋንጣ ኳ ኳ አለብኝ።

«ጠፍር ሆይ፣ ምላጩን ሳል!»

«አልስልም!» አለ ጠፍሩ። «አስታዋሽ አጥቼ ደርቄ፣ ተሰነጣጥቄ! የደረቀ ጠፍር ምላጭ ያበላሻል እንጂ አይስልም። ቅቤ ቀቢኝ።»

ቅቤማ የሠርግ ቤት ምን ሲደረግ ይጠፋል! ሮጬ ከወጡ ቤት ከማሰሮው ዝቄ መጣሁ። ገና አንድ ጣት ሳስነካው ጠፍሩ አነጠሰ።

«ኮረሪማ! ኮሰረት! አንቺ ሴት፣ እኔ ዶሮ ወጥ ነኝ? ለጋ ቅቤ ነው ያልኩሽ!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ለጋ ቅቤ ደግሞ በቤቱ የለም፣ ሁሉም ተነጥሯል። በቅሉ እርጎ አለ፤ ግን የዛሬ ወተት ካልተጨመረበት ለመናጥ አይበቃም። ወተቱ ደግሞ ያለው ላሚቱ ዘንድ ነው። ጠፍሩ ምላጭ አይስል፣ ምላጩ ጢም አይቆርጥ፣ ጢሙ ከጉንጭ አይወርድ፣ ትርንጎ ከቤት አትወጣ!

ሄድኩ ወደ ላሚቱ። ቦራ ትባላለች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ ኩራቷ ደግሞ ከነጩ ይበልጣል።

«ቦራዬ፣ እናቴ፣ ወተት ስጪና ቅቤ ይውጣ!»

«አልሰጥም!» አለች ቦራ፣ ፊቷንም አዞረች። «ሠርግ ሠርግ ብላችሁ እኔን ረሳችሁ። እናንተ ዶሮ፣ እኔ ገለባ! ገለባ በልታ ወተት የምትሰጥ ላም ካየሽ ንገሪኝ። ለምለም ሣር አምጪ።»

በቀንዷ ነው የሸኘችኝ። ላሚቱ ቅቤ አትሰጥ፣ ጠፍሩ ምላጭ አይስል፣ ምላጩ ጢም አይቆርጥ፣ ጢሙ ከጉንጭ አይወርድ፣ ትርንጎ ከቤት አትወጣ!

ትርንጎ በመስኮት አንገቷን አወጣች። «አክስቴ፣ የት ደረሽ?»

«ላም ዘንድ!»

«ጉንጭ ፍለጋ ላም ዘንድ?»

«ዝም በይ አንቺ፣ እጅሽን አታንቀሳቅሺ፣ እንሶስላው ይፈርሳል!»

ሄድኩ ወደ ሣሩ። ከወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ላይ አረንጓዴ ለብሶ ይወዛወዛል። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨብጬ ስጎትት፣

«ኧረ እጅሽን!» አለ ሣሩ። «እንዲህ ከነሥሬ ነቅለሽኝ ለከርሞ ምን ልትበሉ ነው? እኔ ላም አላጠግብም! በወግ፣ በማጭድ ነው የምታጨደው።»

ልክ ነው፣ ምን እላለሁ። ሣሩ ላም አያጠግብ፣ ላሚቱ ቅቤ አትሰጥ፣ ጠፍሩ ምላጭ አይስል፣ ምላጩ ጢም አይቆርጥ፣ ጢሙ ከጉንጭ አይወርድ፣ ትርንጎ ከቤት አትወጣ!

ሄድኩ ወደ ማጭዱ። ከጎተራው ሥር ጭቃ ላይ ወድቋል።

«ማጭድ ሆይ፣ ሣሩን እጨድ!»

«አላጭድም!» አለ ማጭዱ። «ጥርሴን አየሽው? ግማሹ የለም። ባለፈው መኸር ድንጋይ ላይ ያጋጨኝ ማን ነበር? ሥራውን ጨርሶ ከነጭቃዬ እዚህ የጣለኝስ?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። ማጭድ ብዙ ይናገራል፤ ሁሉን አትስሙት።

«እንጃ ካልሽ እንጃ። ቀጥቃጩ አባባ ሸጋው ጥርሴን ያውጡልኝ፣ ያኔ አጭዳለሁ።»

ልቤ ጠፋ! ማጭዱ ሣር አያጭድ፣ ሣሩ ላም አያጠግብ፣ ላሚቱ ቅቤ አትሰጥ፣ ጠፍሩ ምላጭ አይስል፣ ምላጩ ጢም አይቆርጥ፣ ጢሙ ከጉንጭ አይወርድ፣ ትርንጎ ከቤት አትወጣ!

ማጭዱን በትከሻዬ፣ ጠፍሩን ባንገቴ፣ ምላጩን በመቀነቴ አድርጌ ወደ አባባ ሸጋው ጎጆ ገሰገስኩ። መንገድ ላይ ያየኝ ሰው «እትዬ ደብሬ፣ ከማን ተጣላሽ?» ይለኛል። «ከጢም!» እላለሁ፣ እሮጣለሁ።

አባባ ሸጋው ወናፉን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እሳት ሳያነድዱ ተቀምጠዋል። ድሮ እሳቸው ጋ ተራ አይገኝም ነበር፤ ቢላው፣ ማረሻው፣ ፋሱ ተደርድሮ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ዶሮ ብቻ ነው ደጃቸውን የሚጭረው።

«አባባ ሸጋው፣ እንዴት አደሩ! ይነሡልኝ፣ መዶሻ ያንሡ፣ የማጭዱን ጥርስ ያውጡልኝ፣ ሠርግ አለብኝ!»

«አላነሣም» አሉ።

«እርስዎም?!»

«እኔም። እስቲ መጀመሪያ ያንን በመቀነትሽ የሸጎጥሽውን አሳዪኝ።»

ምላጩን ሰጠኋቸው። ከፈቱት። በፀሐይ አገላበጡት። ምላጩና ቀንዱ የሚጋጠሙበትን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ዱቄት ወደቀ። አሸተቱት።

«ሳሙና» አሉ።

«ምን ይሁን ታዲያ?»

«ስሚኝ ደብሬ። ይህን ምላጭ የሠራሁት እኔ ነኝ። አዝመራ ያገባች ዓመት ከመኪና ባሌስትራ ብረት ቀጥቅጬ፣ የበሬ ቀንድ እጀታ አብጅቼ ሰጠኋት። ‹ልጄ፣ ተላጭቶ ሲያበቃ እጠቢው፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቂው፣ ቅቤ ነካ አድርጊው፣ ሳታጥፊው ይደር› አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት እንዳልኳት አደረገች። አንዲት ነጥብ ዝገት አላየሁበትም። ይሄ የሐዘን ዝገት አይደለም፣ የውሃ ዝገት ነው! ከነሳሙናው፣ ከነእርጥቡ አጥፎ ሣጥን የከተተው ሰው አለ።»

«ማን ይሆን እሱ?» አልኩ።

«ያ ሰው ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ? በአርባው ዕለት ግማሹ ሰው ‹ምላጩ አዘነ› አለ። ግማሹ ግን ‹የሸጋው ብረት ይዝጋል› አለ። ይኸው እሳቴ ጠፍቷል። አሁን ያ እርጥቡን ያጠፈ ሰው ደምለው ፊት ቆሞ ‹እኔ ነኝ› ካላለ መዶሻ አላነሣም!»

ይኼኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ትዝ አለኛ! ያች የመጨረሻ ቅዳሜ! አዝመራ ደምለውን ላጭታ ጨረሰችና «ራሴን አዞረኝ» ብላ ጋደም አለች። እኔ ልጠይቃት ገባሁ። ውሃው በሳህን፣ ብሩሹ ከነአረፋው፣ ምላጩ ከነጠብታው አግዳሚው ላይ ተበትኗል። እኔ ደግሞ ሥራ ስወድ! ምላጩን እጥፍ፣ ብሩሹን በጠጉሩ ጣሳው ውስጥ ድፍጥጥ፣ ሁሉንም ሣጥን ውስጥ ክትት፣ ክዳኑን ግጥም! «አይዞሽ፣ እኔ አነሣሁልሽ» አልኳት። እሷ ከዚያ መኝታ አልተነሣችም። ሣጥኑም እስከ አርባው አልተከፈተም።

እኔው ነኝ። ወንድሜን ዓመት ከመንፈቅ ጨለማ ያስቀመጥኩት፣ የሽማግሌውን እሳት ያጠፋሁት እኔው።

ሄድኩ ወደ አፌ። ሩቅ አይደለም፣ አፍንጫዬ ሥር ነው። ይኼ አፌ ገበያ ቆሞ ሲጣራ ወንዝ ማዶ ያለች ፍየል ቀና የምትል አፍ ነው። እንቅልፍ ሲወስደኝ እንኳ አያርፍም ይላሉ።

«አፌ ሆይ፣ እውነቱን ተናገር!» አልኩት።

«አልናገርም» አለ አፌ። በሹክሹክታ ነው ያለው። «ወንድምሽ ቢጠላሽስ?»

ወይኔ ደብሬ! አፌ እውነት አይናገር፣ አባባ ሸጋው መዶሻ አያነሡ፣ ማጭዱ ሣር አያጭድ፣ ሣሩ ላም አያጠግብ፣ ላሚቱ ቅቤ አትሰጥ፣ ጠፍሩ ምላጭ አይስል፣ ምላጩ ጢም አይቆርጥ፣ ጢሙ ከጉንጭ አይወርድ፣ ትርንጎ ከቤት አትወጣ!

ወደ ቤት ተመለስኩ። አባባ ሸጋው ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላዬ ይከተላሉ፤ አንድ ቃል አይናገሩም። ሳል እንኳ ቢያደርጉ ምን ነበረበት!

ደምለው ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። ትርንጎ እጆቿ በቅጠል ተጠቅልለው ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። ማጭዱን አወረድኩ፣ ጠፍሩን አወረድኩ፣ ምላጩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁ። ደግሞ ከፈትኩ።

ደምለው ግን ምላጩን እንደ ሕፃን ራስ ዳበሰውና፣

«እትዬ፣ ተይው በቃ» አለኝ። «ለእኔ ብለሽ ስትንከራተቺ ዋልሽ። እንዳልላጭ የፈለገችው አዝመራ ናት። ተቀይማኝ ነው የሄደችው። ይኸው ምላጩ አልቅሶ አሳየኝ። ለልጄ ስል እንኳ እንዴት እምቢ ያለችውን...»

ተቀይማኝ! አዝመራ! ቅዳሜ ጠዋት ውሃ እያሞቀች የምታንጎራጉር ሴት!

«አላለቀሰም!» ብዬ ጮህኩ። ወናፍ እንደ ነፋው እሳት ነው የወጣልኝ። «ምላጩ አላለቀሰም! አዝመራም አልተቀየመችህም! እኔ ነኝ! እኔ ደብሬ! ከነእርጥቡ አጥፌ ሣጥን የከተትኩት እኔ እህትህ ነኝ!»

አባባ ሸጋው ከኋላዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደምለው ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ሳታደርቂው?»

«ሳላደርቀው።»

«ሳሙናውንስ?»

«ከነሳሙናው።»

«ብሩሹስ?»

«በጠጉሩ ደፍጥጬ።»

አየኝ። አየኝ። ከዚያ ያ ጢም ከጫፉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሳቅ ነበር! እንደ ነጎድጓድ ከሆዱ የሚወጣ ሳቅ!

«አዝመራ... አዝመራ ምን ትል እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለ፣ ዓይኑ እያነባ። «‹እህትህ ዕቃ የምታነሣው እንደ ዝናብ ነው፤ አርጥባ ትሄዳለች› ትለኝ ነበር!»

«እኔን?!»

«አንቺን! ‹እሷ መጥታ ከሄደች በኋላ ቤቱን ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል› ትል ነበር!»

ትርንጎ ሳቀች። ሴቶቹ ሳቁ። አባባ ሸጋው በምርኩዛቸው ወለሉን እየመቱ ሳቁ። እኔ ተቆጥቼ «ሙት ወቃሽ ባልሆን ኖሮ!» ልል ስል እኔንም አመለጠኝ፣ ሳቅሁ። ያ አፌ «ቢጠላሽስ» ሲለኝ የነበረው፣ እሱም ሳቀ።

ያን ጊዜ እዩልኝ! አፌ እውነት ተናገረ፣ አባባ ሸጋው መዶሻ አነሡ፣ ማጭዱ ጥርስ አወጣ፣ ሣሩ ታጨደ፣ ቦራ ጠገበች፣ ወተት ሰጠች፣ እርጎው ተናጠ፣ ለጋው ቅቤ ወጣ፣ ጠፍሩ ለዘበ! ምላጩን አባባ ሸጋው ራሳቸው በድንጋያቸው ላይ ውሃ እያንጠባጠቡ ዝገቱን አወረዱለት፤ ጠፍሩ ደግሞ ወዲያ ሲል፣ ወዲህ ሲል፣ ጠርዙን እንደ ጨረቃ አበራው። ስለቱን ለመፈተን ከክንዳቸው አንዲት ፀጉር ነካ ቢያደርጉ ሳትሰማ ወደቀች። ዓርብ በዚህ መሸ።

ነጋ። ቅዳሜ! ሌላ ቀን ሳይሆን ቅዳሜ!

አሁን ምላጩ አለ፤ እጅ ግን ማን ያውጣ? አባባ ሸጋውን ብናያቸው «እኔ ብረት እመታለሁ እንጂ ጉንጭ አልነካም» አሉ። እኔ እጄን ልዘረጋ ስል ሁሉም ባንድ ድምፅ «አንቺ አይደለሽም!» አሉኝ።

«እኔ አለሁ» አለች ትርንጎ። የእጇን ቅጠል ፈታች። እስከ አንጓዋ ድረስ በእንሶስላ ቀልቷል። «እናቴ ስትላጨው መስተዋት የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሁሉንም አይቻለሁ።»

አባትዋን ብርሃን ፊት አስቀመጠችው። መጀመሪያ የረዘመውን በመቀስ ቀነሰችለት፤ በዚህ ብቻ አንድ ትራስ ይሞላ ነበር። ከዚያ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ፊቱ ላይ አደረገችና «ቆይ፣ ይለስልስ» አለች፣ ልክ እንደ እናቷ። ያን ከበቅሎ ጅራት የታሰረ ብሩሽ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። አንድ ጎኑ እስካሁን ጠማማ ነው፤ እኔን ባየ ቁጥር የሚያጎነብስ ይመስለኛል። ሳሙናው ላይ አዞረችው፣ አዞረችው፣ አረፋው እንደ ጠላ ገነፈለ፣ ጉንጩን አለበሰችው። በአንድ እጇ ቆዳውን ወጠር፣ በአንድ እጇ ምላጩን ጋደም አድርጋ፣ እንደ ጢሙ አበቃቀል ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ... ቀስ...

«አባዬ፣ አትሳቅ! እቆርጥሃለሁ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ዓመት ከመንፈቅ ያጠራቀምኩት ነው!»

«እንግዲያው እስክጨርስ አክስቴን አትያት!»

በመጨረሻ ጨርቁን አንሥታ አበሰችው። ደምለው ተገለጠ። ፀሐይ ያላየው ጉንጩ እንደ ተላጠ ድንች ነጣ። ፈገግ ሲል ደግሞ ከግራ ጉንጩ ላይ ስርጉዱ ጠልቆ ታየ። የትርንጎም ስርጉድ ልክ እንደሱ ነው፣ በዚያው ጎን። ልጅቱ በቀይ ጣቷ ነካችው።

«ረስቼው ነበር» አለች።

እኔ ደግሞ ዓይኔን እየጠረግሁ፣ ልማድ አይለቅም፣ ምላጩን ላነሣ እጄን ሰደድኩ።

«እትዬ፣ እንዳትነኪው!» ደምለው ነው።

«አክስቴ፣ ተዪ!» ትርንጎ ናት።

«ደብሬ!» አባባ ሸጋው ናቸው፣ መዶሻቸውን ይዘው።

«ኧረ ልማርበት!» አልኳቸው። ተፈቀደልኝ፤ ሦስት ሰው ከበላዬ ቆሞ። ምላጩን አጠብኩ፣ መጋጠሚያውን በጨርቅ ጫፍ አጸዳሁ፣ አደረቅሁ፣ ለጋ ቅቤ ነካ አደረግሁ፣ ሳላጥፍ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ብሩሹን አጥቤ፣ አራግፌ፣ ጠጉሩን ወደ ታች አድርጌ በክር ሰቀልኩ። ጣሳውን ገለበጥኩ። ጠፍሩን ከምስማሩ መለስኩ። ሣጥኑንስ? ሣጥኑን ክፍት ተውኩት።

እሑድ ደረሰ። እምቢልታው ተነፋ፣ ሚዜዎቹ ደጅ ሞሉ። ትርንጎ የአባትዋን ጉልበት ሳመች፣ ቀና አለች፣ ከስርጉዱ ላይ ጧ! አድርጋ ጉንጩን ሳመችው። ድምፁ ዳሱ ድረስ ተሰማ። ያላመነ ቢኖር ሁለተኛም ሳመችው። አባባ ሸጋው ከክብር ቦታ ተቀምጠው ያያሉ፤ ካጠገባቸው ሦስት ሰው ቢላ ሊያሠራ ተራ ይዟል።

ሙሽራዬ ያን ጊዜ ከቤት ወጣች።

እውነቱ ተነግሮ፣ መዶሻው ተነሥቶ፣ ማጭዱ አጭዶ፣ ሣሩ አጥግቦ፣ ላሚቱ ሰጥታ፣ ጠፍሩ ስሎ፣ ምላጩ ቆርጦ፣ ጢሙ ወርዶ፣ ትርንጎ ከነሳቋ ወጣች!

ተረቴም ታጠበች፣ ደረቀች፣ ቅቤ ነክቷት ተሰቀለች። እናንተም የሰማችሁትን ከነእርጥቡ አጥፋችሁ አትክተቱት። እኔ «ምላጭ፣ ምላጭ!» ስል ምን አላችሁኝ?